ዘሌዋውያን ላይ ለቆምሽው እህቴ፦ ለኮርስ ከመክፈልሽ በፊት

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። «ዓረብ አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት እጀምርና ዘሌዋውያን ላይ አቆማለሁ። ጠለቅ ብዬ ለመማር የሚከፈልበት ኮርስ አግኝቻለሁ፣ ልመዝገብ?» ብለሻል። አትመዝገቢ። ኩዌት ሆኜ ያለፍኩበት ስለሆነ ነው ቆርጬ የምነግርሽ።

1. ዘሌዋውያንን ለጊዜው አቆዪውና የዮሐንስን ወንጌል ያዢ። 21 ምዕራፍ ነው። ሲያልቅ ወደ ሌላ አትለፊ፤ መልሰሽ ከምዕራፍ 1 ጀምሪ። ማዳም ተኝታ፣ ዕቃው ታጥቦ እስኪያልቅ ጊዜ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ለመጨረስ አትሩጪ፤ አንድ ሰው ምረጪና እስከ መጨረሻው ተከተዪው። እኔ የተከተልኩት ኒቆዲሞስን ነው። ምዕራፍ 3 ላይ በሌሊት ይመጣል። ምዕራፍ 7 ላይ ፈሪሳውያን መሐል ሆኖ «ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርድበታል ወይ?» የሚል አንዲት ቃል ይተነፍሳል፤ ወዲያው «አንተም ከገሊላ ነህ እንዴ?» ብለው ያሸማቅቁታል። ምዕራፍ 19 ላይ ደግሞ ጌታ ተሰቅሎ፣ ብዙዎቹ በተበተኑበት ሰዓት፣ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ተሸክሞ ሊገንዘው ይመጣል። ሦስቱን ቦታ በእርሳስ አስምሬ አንድ ላይ ሳያቸው አለቀስኩ። የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ ኒቆዲሞስ እንደሚባል ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ የሰውየውን መጨረሻ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

2. ኮርሱን በተመለከተ፣ እኔ የገባሁበት በቴሌግራም የሚሰጥ ነበር። «ጥልቅ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ከሰርተፍኬት ጋር» ይላል። የወር ደመወዜን ግማሽ ላክሁ። የሚለቁት ድምፅ ስብከት እንጂ ጥናት አልነበረም፤ ቢሆንም ታግሼ ሰማሁ። አንድ ቀን ጥያቄ ጻፍኩ። ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው ከፈወሰው በኋላ፣ ከዚህ የባሰ እንዳይደርስብህ ኃጢአት አትሥራ ይለዋል። ምዕራፍ 9 ላይ ግን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ፣ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ይላል። ታዲያ በሽታ በኃጢአት ነው የሚመጣው ወይስ አይደለም? መልሳቸው «ግሩፑን አታውኪ» ሆነ። ማታ ስልኬን ስከፍት አስወጥተውኛል። ገንዘቤን መልሱልኝ ብዬ በውስጥ ብጽፍ ብሎክ አደረጉኝ። ገንዘቡስ ይሁን፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ መጠየቄ እንደ ጥፋት መቆጠሩ ነው። የኢትዮጵያው ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ፊልጶስን ጠይቆት የለም እንዴ? ፊልጶስም ከዚያው ከሚያነበው ክፍል ጀምሮ አስረዳው።

እኔን ያስረዱኝ እናቴ የምትሳለምበት ደብር ያሉ የሐዲስ (የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ) መምህር ናቸው። እናቴ ስልኳን ይዛ ሄዳ ድምፄን አሰማቻቸው። «የመጻጉዕ (የ38 ዓመቱ በሽተኛ) ሌላ፣ የዕውሩ ሌላ። የአንዱን ምክንያት ለሌላው አትስጪ፤ ይልቅ ሄደሽ ኢዮብን አንብቢ፣ ወዳጆቹ የተሳሳቱት በዚሁ ነው» አሉኝ። ኢዮብን ያን ዕለት ማታ ጀመርኩት። ከእናቴ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም። የአራቱ ወንጌል አንድምታ ታትሞ ስለሚገኝ ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ አስልኪ ያሉኝም እሳቸው ናቸው። አንድምታው ንባቡን ያስቀምጥና ትርጓሜውን እያከታተለ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ይከብድሻል፣ ግን አትተዪው። ዛሬ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት የሚወጡትን እህቶች ሰብስቤ ዮሐንስን የማስነብባቸው እኔ ነኝ፤ ማንንም ሳንቲም ጠይቄ አላውቅም። ያልገባንን ጽፈን ለመምህሩ እንልካለን።

3. ግጻዌ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የየዕለቱ ንባብ ማውጫ፣ ስልክሽ ላይ ይኑር። የዕለቱን የጳውሎስ መልእክት፣ የሌሎቹን ሐዋርያት መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ምስባኩን (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር ጥቅስ) እና ወንጌሉን ያሳይሻል፤ ቅዳሴ መድረስ ባትችዪ እንኳ የዕለቱን ንባብ ታነቢያለሽ። ምስባኩን ስትፈልጊ ቁጥሩ እንዳያደናግርሽ። የእኛ ዳዊት 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር እንደ አንድ ስለሚቆጥር፣ እዚያ 22 የሆነው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በብዙው የስልክ መጽሐፍ ቅዱስ 23 ነው፤ 50ው ደግሞ 51 ይሆናል። ግጻዌው የሚልሽ ቦታ ላይ ካጣሽው አንድ ቁጥር ጨምረሽ ፈልጊ።