ዳታውን ሰጠሁት፤ መልሱን ልመነው?

ጥያቄ፦ የ200 ሰዎችን መጠይቅ በኤክሴል መዝግቤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጠሁት። በደቂቃ ውስጥ አማካዩን፣ ግራፉንና ማብራሪያውን አወጣልኝ። እንደ ስታቲስቲክስ ባለሙያ ልቁጠረው?

መልስ፦ ለሂሳቡ አዎ፣ ለፍርዱ ገና ነው። ሂሳቡም ቢሆን የሚታመነው ኮድ (ለኮምፒውተር የሚሰጥ የስሌት ትእዛዝ) ጽፎ፣ ኮዱን አስኪዶ ካወጣው ነው። ቁጥሮቹን አንብቦ በቃል ብቻ ከመለሰልዎ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ገምቶ ሊሆን ስለሚችል አይቀበሉት፤ «ኮዱን አሳየኝ» ይበሉት።

ዋናው ጣጣ ሌላ ቦታ ነው። ዕድሜውን ያልተናገረ ሰው በመጠይቅ ላይ ብዙ ጊዜ 99 ተብሎ ይመዘገባል። የ188ቱ ሰዎች አማካይ ዕድሜ 34 ነው፣ 12ቱ ደግሞ 99 ተብለዋል እንበል። ይህን ያልነገሩት ፕሮግራም ሁሉንም ደምሮ 37.9 ሊልዎ ይችላል። 91 ቢል ይደነግጡ ነበር፤ 37.9 ግን ደህና ቁጥር ስለሚመስል አይነቁበትም። ጥሩ ባለሙያ ከመደመሩ በፊት ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ያያል፤ 99 አሥራ ሁለት ጊዜ መደጋገሙ ይከነክነውና መዝጋቢውን ይጠይቃል።

ስለዚህ ከፋይሉ ጋር የየዓምዱን ትርጉም፣ መለኪያና የባዶ መልስ ምልክት ጽፈው ይስጡት። ከትንተናው በፊት የረድፉን ብዛት፣ በየዓምዱ ስንት ባዶ እንዳለ፣ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ያውጣልዎ። ሁለት ሰንጠረዥ ካጣመረ ረድፎቹን እንደገና ይቁጠሩ፤ 200 የነበረው 230 ከሆነ መለያ ቁጥር ተደጋግሞ አንዳንዱ ሰው ሁለቴ ገብቷል ማለት ነው። (ይህች ስህተት ባለሙያንም ትጥላለች።)

«ለምን?» ሲሉት ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። በ1973 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለድኅረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶውን፣ ከሴቶቹ 35 በመቶውን ያህል ተቀብሎ ነበር። አድልዎ ይመስላል። በየትምህርት ክፍሉ ሲታይ ግን ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ሴቶቹ ይበልጥ ያመለከቱት ከአመልካቾቹ ጥቂቱን ብቻ ወደሚቀበሉ ክፍሎች ነበር። «በትምህርት ክፍል ከፋፍለው» ካሉት ፕሮግራሙ በሰከንዶች ይሠራዋል። መከፋፈል እንዳለበት የሚታየው ግን ተማሪዎችን መርጦ የሚቀበለው እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ነው።

መፈተን ከፈለጉ በፋይሉ ቅጂ ላይ የ5 ሰዎችን ዕድሜ 210 ያድርጉና ምንም ሳይነግሩት አማካዩን ይጠይቁት። «እነዚህ 5 ረድፎች ምንድን ናቸው?» ካለ ደህና ረዳት አግኝተዋል። ዝም ብሎ ከደመራቸው ከላይ የተዘረዘረውን ፍተሻ ሁሉ እንዲያደርግ በየጊዜው ራስዎ ይዘዙት።