ውሃው ሲደፈርስ እጃችሁን ሰብስቡ

ልጆቼ፣ አኳሪየም (የዓሣ መስታወት ገንዳ) የጀመራችሁ ወጣቶች ከሁሉ አብዝታችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ውሃው ደፈረሰ፣ ምን ልጨምርበት?» መልሴ ብዙዎቻችሁን ያናድዳል። ምንም አትጨምሩ። መጀመሪያ እዩት።

የሰው ቤትና ቢሮ ገንዳ እየዞርኩ ስንከባከብ ነው የኖርኩት። ድፍርስ ውሃ ብቻውን ዓሣ ሲገድል ያየሁት ጥቂት ነው። ባለቤቱ ደንግጦ ለማጥራት ሲሯሯጥ የሚሞቱት ግን ይበዛሉ። ሲደፈርስ የሆነ ነገር ማድረግ ያምራል፣ ይገባኛል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ጭካኔ ይመስላል።

ለማንኛውም ብርጭቆ አምጡ። ሳሙና ያልነካው ይሁን። ከገንዳው ቅዱበትና ከነጭ ወረቀት ፊት አቁሙት። ቀለሙ ምን ይመስላል? የምታደርጉት ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ወተት ጠብ ያለበት ከመሰለ፣ መቼ እንደጀመረ አስታውሱ። ገንዳውን በሞላችሁበት ሰዓት ከሆነ የጠጠር አቧራ ነው፤ ጠጠሩ በደንብ አልታጠበም ማለት ነው። ውሃውን የሚያጣራው ፊልተር ይሥራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሰክናል። ውሃው መጀመሪያ ጠርቶ ቆይቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ከነጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ባክቴሪያ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ዋናው ነገር ይኼ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ የምግብ ትራፊና የዓሣ ኩስ ሲገኝ፣ ይህን የሚበሉ ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ እየተባዙ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ነጭ ሆኖ የሚታያችሁ እነሱ ናቸው። እኛ የምንፈልገው ግን ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ነው። እነዚያ ቀርፋፋ ናቸው፤ ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይቀይራሉ። አሞኒያና ናይትራይት መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት ግን ካልበዛ በስተቀር ዓሣው ይችለዋል። ይህ ቤተሰብ እስኪቋቋም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አባቶች «ሳይደፈርስ አይጠራም» ሲሉ አኳሪየም አይተው አይመስለኝም፣ ግን ገጥሞላቸዋል።

እናንተ ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ውሃውን በሙሉ ትደፋላችሁ፣ ጠጠሩን ታጥባላችሁ፣ ስፖንጁን የቧንቧ ውሃ ስር አድርጋችሁ ጭማቂው ነጭ እስኪሆን ትፈትጋላችሁ። ኧረ በሕግ! ተንሳፋፊዎቹ ምግባቸው እስካለ ድረስ በማግስቱ ይመለሳሉ። ቀርፋፎቹን ግን የቧንቧው ክሎሪን ጨረሳቸው፣ ስለዚህ ቆጠራው ከዜሮ ጀመረ ማለት ነው። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነው፣ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ፣ በቃ። ቡናማ ሆኖ ቢቀር ደስ ይበላችሁ።

ነጩ ድፍርስ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱ ይጠራል። እስከዚያው ምግብ ቀንሱ። ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ጥቂት ቀን ሳይበላ ቢውል ምንም አይሆንም፤ በደህናው ጊዜም ቢሆን በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰው ይበቃዋል። ፊልተሩ ሌሊትም አይጥፋ። የአየር ፓምፕ ካላችሁ ክፈቱት፣ ምክንያቱም እነዚያ ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ይጨርሳሉ። ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ ግን እጅ መሰብሰቡ እዚያ ላይ ያበቃል። አየር ጨምሩ፣ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። ሁለቱም 0 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ከውሃው ሩቡን ወይም ሢሶውን ቀይሩ፤ የምትጨምሩት ውሃ ክሎሪኑ የተወገደለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ውሃን አንድ ቀን ክፍት አድርጎ ማሳደር ክሎሪኑ በንኖ እንዲወጣ ያደርገዋል። ክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደው ክሎሪን፣ ግን በዚያ አይወጣም፤ ለሱ የክሎሪን ማስወገጃ ፈሳሽ የግድ ነው።

መለኪያ ግዙ የምለውም ለዚህ ነው። አሞኒያ ቀለም የለውም። ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ውሃ ውስጥ ዓሣ ተመርዞ ይሞታል፣ ነጭ የሆነ ውሃ ውስጥ ደግሞ ምንም ሳይሆን ይከርማል። ለዓይን የጠራ ውሃ የሚያስደስተው እናንተን ነው።

ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። በዓይን የማይታይ ተንሳፋፊ አልጌ ነው፣ የሚኖረውም በብርሃን። ውሃ መቀየር ብቻውን አይፈታውም፣ ተመልሶ ይራባል። ገንዳው መስኮት አጠገብ ካለ አንሱት፣ መብራቱ በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ይብራ። ከባሰ ሦስት አራት ቀን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፣ አየር እንዳይቋረጥ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ስትገልጡት ሩቡን ውሃ ቀይሩ፣ የሞተው አልጌ ይበሰብሳልና።

ቡናማ ሆኖ ግን የጠራ ከሆነ ካስገባችሁት እንጨት የወጣ ቀለም ነው። አይጎዳም። ኒዮን ቴትራን የመሳሰሉ ዓሦች በተፈጥሯቸው እንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥም ይኖራሉ። ካስጠላችሁ ፊልተሩ ውስጥ የሚገባ አክቲቭ ካርቦን (ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል) ይጠጣዋል። እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ።

ስለ ማጥሪያ ፈሳሾቹ ትጠይቁኛላችሁ። ጠርሙሱ ላይ ተአምር ይጻፋል፤ የሚሠራው ግን ብናኙን እርስ በርስ አጣብቆ ፊልተር እንዲይዘው ማድረግ ነው። ለአቧራ ይሆናል። ለባክቴሪያ ግን ምክንያቱን እዚያው ትቶ ምልክቱን ብቻ ነው የሚሸፍንላችሁ።

ወራት የቆየ፣ ጠርቶ የኖረ ገንዳ ድንገት ከነጣ ደግሞ ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም። የሆነ ነገር ተፈጥሯል። ዓሦቹን ቁጠሩ፤ ከድንጋይ ጀርባ አንዱ ሞቶ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ምግብ ማን እንደሰጠ የቤቱን ሰው በሙሉ ጠይቁ፣ ሁሉም «እኔ ትንሽ ነው የሰጠሁት» ይላል፤ ትንሽ ትንሹን ደምሩት። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ለብዙ ሰዓት ቆሞ እንደነበርም አጣሩ፣ ምክንያቱም ውሃ ካልተዘዋወረ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ይሞታሉ። እንዲህ ከሆነ እንደቆመ አታስነሱት። ከፍታችሁ የታቆረውን ውሃ ድፉ፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ አስነሱት፤ ለሚቀጥለው አንድ ሳምንት ደግሞ አሞኒያውን በየቀኑ ለኩ።