እግሬ ይደነዝዛል፣ ወገቤንም ያመኛል፤ ችግሩ ከአቀማመጤ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ዓመት ሲሆን የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ አብዛኛውን ቀን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አሳልፋለሁ። ከአራት ወራት ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ልጆቼ ሳይነሡ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ሜዲቴሽን ማድረግ ጀምሬያለሁ። ምንጣፍ ላይ እግሬን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ ነገር ግን 10 ደቂቃ ሳይሞላ ግራ እግሬ ይደነዝዛል፣ ወገቤን ያመኛል፤ «ጀርባችሁን ቀጥ አድርጉ» የሚለውን መመሪያ ለመፈጸም ስታገልም ትንፋሼ ያጥራል። ሕመሙን ችሎ መቀመጥ የልምምዱ አካል ነው ወይስ የተሳሳትኩት ነገር አለ? ወንበር ላይ ብቀመጥስ ልምምዱ ይጎድላል? ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ መደገፊያ በሌለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ስታፈላ ኖራለች፤ «ወገቤን» ስትል ግን ሰምቻት አላውቅም። እኔ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ እየዋልኩ ማታ ማታ መቃናት ያቅተኛል። ይህ ለምን ሆነ?
ት.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅታችን፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ልምምድዎን በምንም አያጎድለውም፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎት። በጥንታዊው የቡድሃ ትምህርት ውስጥ እንኳ መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድና መተኛት አራቱም የማስተዋል ልምምድ የሚደረግባቸው የአካል ሁኔታዎች ሆነው ተቆጥረዋል።

ምንጣፉን ከመረጡ ግን መመርመር ያለበት ዳሌዎ ነው። እግር ታጥፎ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ ብሎ ከቀረ ዳሌ ወደ ኋላ ይዘነበላል፤ በታችኛው ወገብ ላይ ወደ ውስጥ የገባው ተፈጥሯዊ ቅስትም ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ «ቀጥ ልበል» ብለው የሚያደርጉት ጥረት ሁሉ የጀርባ ጡንቻዎን ከገዛ ዳሌዎ ጋር ማታገል ይሆናል። ስለዚህ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥብቀው ጠቅልለው ከመቀመጫዎ በታች ያድርጉና ጉልበቶችዎ ከዳሌዎ ዝቅ እስኪሉ ድረስ ከፍታውን ይጨምሩ። ዜን የሚባለው የቡድሃ እምነት ዘርፍ የጃፓን መነኮሳት «ዛፉ» በሚባለው ክብ ትራስ ላይ የሚቀመጡት ለዚሁ ነው። ወለሉ ላይ የማይደርስ ጉልበት ካለ ከሥሩ ትንሽ ትራስ ያስገቡለት። ከዚያም መዳፍዎን ከመቀመጫዎ ሥር ሰደው ሁለቱን የመቀመጫ አጥንቶች በጣትዎ ይፈልጓቸው፤ ክብደትዎ በእነርሱ ላይ እኩል ሲያርፍ ከላይ ያለው ሁሉ ያለ ብዙ ትግል ራሱን ያስተካክላል።

«ቀጥ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ከአንገት እስከ ወገብ ያሉት 24 ተንቀሳቃሽ የአከርካሪ አጥንቶች የተደረደሩት እንደ ማስመሪያ ሳይሆን አንገት ላይ ወደ ውስጥ፣ ደረት ላይ ወደ ውጭ፣ ወገብ ላይ እንደገና ወደ ውስጥ እየተቀሰቱ ነው። ትንፋሽዎ የሚያጥረው ደረትዎን ወደ ላይ ገፍተው ሆድዎን ስለሚያጠብቁ ይመስለኛል፤ እንዲህ ሲሆን ዋናው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ትንፋሽዎን ዳኛ ያድርጉት፤ ሆድዎ ከትንፋሹ ጋር መነሣትና መውረድ ካቆመ ከልክ በላይ ተገትረዋል ማለት ነው።

የእግር መደንዘዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ነርቭ ሲጫን ነው፤ ይህንን መታገሥ ምንም መንፈሳዊ ጥቅም የለውም። እግርዎን ሊዘረጉ ሲያስቡ መጀመሪያ ሐሳቡን ያስተውሉ፣ ከዚያ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ እየተከተሉ ቀስ ብለው ይዘርጉ፤ ይህም ራሱ ልምምድ ነው። በደነዘዘ እግር ወዲያው አይቁሙ፤ ቁርጭምጭሚት የሚወለምበት ጊዜ አለ። ድንዛዜው ከተነሡ በኋላም የሚቆይ ከሆነ፣ ሕመሙ ከጉልበት በታች የሚወርድ ወይም እግርዎ የሚዝል ከሆነ ግን ሐኪም ሳያዩ አይቀጥሉ።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉትን ነገር ላንሣ። ዓይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ውስጥ ባሉ ስሜት ተቀባዮች አማካይነት ነው፤ እንግሊዛዊው የነርቭ ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ለዚህ ስሜት «ፕሮፕሪዮሴፕሽን» የሚል ስም አውጥቶለታል። ይህ ስሜት ታዲያ ልማድን እንደ ትክክል የመቁጠር ጠባይ አለው። ከ1869 እስከ 1955 የኖረው አውስትራሊያዊው ተዋናይ ፍሬድሪክ ማቲያስ አሌክሳንደር መድረክ ላይ ድምፁ እየሻከረ ሲያስቸግረው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን መረመረ፤ ሊናገር ሲል ጭንቅላቱን ወደ ኋላና ወደ ታች እንደሚስብ አየ። ይበልጥ ያስገረመው ግን አስተካክያለሁ ብሎ እርግጠኛ በሆነበት ጊዜ እንኳ መስታወቱ ያንኑ ስሕተት ማሳየቱ ነበር። እርሱ ከዚህ ተነሥቶ ያስጀመረው የአካል አያያዝ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በወጣ፣ 579 የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ተፈትሾ፣ 24 ትምህርት የወሰዱት ከዓመት በኋላም ሕመማቸው ቀንሶ ተገኝቷል። እርስዎም ከልጆችዎ አንዱ በተቀመጡበት ከጎን በስልክ ፎቶ እንዲያነሣዎት ይጠይቁ፤ የሚሰማዎትና የሚታየው ምን ያህል እንደሚራራቁ ያያሉ።

ስለ እናትዎ ያነሡት ጥያቄ በጣም ደስ ብሎኛል። ያ ትውልድ ሕመሙን ብዙ ስለማይናገር ወገባቸው ታሞ አያውቅም ብዬ ለመደምደም አልደፍርም። ነገር ግን ቡና ሲያፈሉ አንድ ጊዜ ልብ ብለው ይመልከቷቸው። ከሰሉን ለማራገብ ያጎነብሳሉ፣ ውኃ ለመቅዳት ይነሣሉ፣ የተቆላውን ቡና ለማሽተት ለእንግዳው ሁሉ ያዞራሉ፣ ስኒ ያጥባሉ፣ ዕጣን ይጨምራሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አካላቸው ስንት ጊዜ ቦታ እንደሚለውጥ ለመቁጠር ያስቸግራል። እርስዎ ግን ሒሳብ ሲዘጉ ለሁለት ሰዓት ከዓይንዎና ከጣትዎ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። እኔ እንደማምነው ወገብዎን ይበልጥ የጎዳው የወንበሩ ዓይነት ሳይሆን ይህ አለመንቀሳቀስ ነው። ሌሊቱን በማኅሌት የሚቆሙት የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንትም በመቋሚያ ይደገፋሉ፤ በዝማሜ ጊዜም ከመቋሚያው ጋር ይወዛወዛሉ። ለረጅም ሰዓት መቆም ድጋፍና እንቅስቃሴ እንደሚፈልግ አባቶቻችን ገብቷቸው ነበር።

ስለዚህ ቢሮ ውስጥ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሡ፤ ሰነዱን በስልክ ከመጠየቅ ሄደው ያምጡት። የሰው ራስ ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ወደ ፊት በተደፋ ቁጥር የአንገት ጡንቻ ይህንን ክብደት ለመያዝ የሚከፍለው ጉልበት ስለሚጨምር የኮምፒውተሩን የላይኛ ጠርዝ ወደ ዓይንዎ ከፍታ ያምጡት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ደግሞ ክብደትዎ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ብቻ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የ68 ዓመት መምህር ነኝ። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ተኝቼ ለመለማመድ ብሞክር ወዲያው እንቅልፍ ይወስደኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ባስጀመረው የማስተዋል ልምምድ ሥልጠና ውስጥ፣ አካልን ከእግር ጣት እስከ ራስ በሐሳብ የመዳሰሱ ልምምድ የሚደረገው በአብዛኛው ተኝቶ ነው፤ ስለዚህ መንገድዎ ትክክል ነው። ከአልጋ ይልቅ ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ይተኙ፣ ዓይንዎን ገርበብ ያድርጉ፣ አንዱን ክንድ ከክርን አጥፈው ወደ ላይ አቁመው ይያዙ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ክንድዎ ወድቆ ይቀሰቅስዎታል። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ግን ይተዉት።