የመርከብ ጥበቃ ኮርሱን ልክፈል ወይ? ለባቲው ልጅ የተሰጠ መልስ

ባለፈው ሳምንት ከባቲ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው 25 ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ በብረታ ብረት ሙያ ደረጃ 3 ጨርሷል። በሙያው ሥራ ስላጣ ሁለት ዓመት የፋብሪካ በር ጥበቃ ሆኖ ሠርቷል። አጎቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ቴሌግራም ላይ ያየውንም ማስታወቂያ ልኮልኛል፦ «የመርከብ ጥበቃ፣ በወር 3,500 ዶላር፣ የሦስት ቀን የኦንላይን ኮርስ፣ ሥራው የተረጋገጠ»። ክፍያው 45,000 ብር ነው። «እናቴ ሁለቱን በሬዎች ልትሸጥልኝ ተስማምታለች። የቱን ሰርተፍኬት ብወስድ ይሻለኛል? ወይስ መጀመሪያ ውትድርና ልግባ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አብሽር። ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። የባቲ ልጅ ባህር ቢመኝም አይደንቀኝም። ያ በደጃችሁ የሚያልፈው የሚሌ መንገድ ድሮ አሰብ ያደርስ ነበር። ዛሬም አጎትህን ጅቡቲ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ያንን ኮርስ ግን አትግዛ። ለምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ልንገርህ።

መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው፣ መሐንዲስም ይሁን ወጥ ቤት፣ መጀመሪያ የሚይዘው ወረቀት የመሠረታዊ ደህንነት ሥልጠና ነው። የሚደነገገው ኤስቲሲደብሊው በሚባለው የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት ነው። ስምምነቱ በ1978 ወጥቶ በ2010 ማኒላ ላይ በሰፊው ተሻሽሏል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። ሥልጠናው አራት ክፍል አለው፦ ባህር ላይ ራስን ማዳን፣ እሳት መከላከልና ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ፣ የግል ደህንነትና ማኅበራዊ ኃላፊነት።

ራስን ማዳን የሚባለውን ክፍል ብቻ እንየው። የነፍስ አድን ጃኬት ለብሰህ ከከፍታ ወደ ውሃ ትዘላለህ። የተገለበጠ ተንሳፋፊ ጀልባ ይሰጥሃል። ገመዱን ጨብጠህ፣ በእግርህ ጠርዙን ረግጠህ፣ ክብደትህን ወደ ኋላ ጥለህ ታቃናዋለህ። ጀልባው ላይህ ላይ ሲወድቅ ከሥሩ ዋኝተህ መውጣት አለብህ። እሳት ማጥፋቱም እንደዚያው ነው። የአየር ሲሊንደር አዝለህ ጭስ የሞላበት ክፍል ትገባለህ። ይህን ሁሉ በስልክ ማን ያስተምርሃል?

አምና አንድ ልጅ እዚህ ደሴ ቢሮዬ መጥቶ እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶልኝ ነበር። ወፍራም ወረቀት ነው፤ የወርቅ ቀለም ጠርዝ አለው፤ መሐሉ ላይ መርከብ ታትሞበታል። ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። የየትኛውም አገር የባህር ባለሥልጣን ስም የለበትም። የሰርተፍኬት ቁጥርም የለውም። ጀርባው ባዶ ነው። ልጁ ፊቴን እያየ ዝም አለ። ገንዘቡን ያገኘው እህቱ ከቤይሩት ከላከችው ነበር። ያ ዝምታ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ላንተ ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የታጠቀ የመርከብ ጥበቃ የሚባል ሥራ በእውነት አለ። ያበበው የሶማሊያ የባህር ላይ ወንበዴዎች በበረቱበት ጊዜ ነው። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የባህር ቢሮ በ2011 ብቻ 237 ጥቃት መዝግቦባቸዋል። በ2012 ወደ 75 ወረደ፤ በ2013 ደግሞ 15 ብቻ ሆነ። ጥቃቱ ሲቀንስ ገበያውም ቀዘቀዘ፤ ደመወዙም ወረደ። ከዚያም የመርከብ ባለቤቶች ማኅበራት የሕንድ ውቅያኖሱን «የከፍተኛ አደጋ ቀጠና» ከጥር 2023 ጀምሮ ሰረዙት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀይ ባህር ላይ ሌላ አደጋ መጣ፤ የሁቲዎች ሚሳይልና ድሮን። እሱን ደግሞ አራት ሰው በጠመንጃ አይመልሰውም። ወንበዴዎቹም አልፎ አልፎ እየተመለሱ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ሞቷል አልልህም። ግን ማስታወቂያው የሚያወራልህ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመቱን ገበያ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? በብዛት የእንግሊዝ፣ የግሪክ፣ የኢስቶኒያ፣ የዩክሬን፣ የሕንድ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰው ነው። ድርጅቶቹ የዓመታት የውትድርና ልምድ በማስረጃ ይጠይቃሉ። ከወንጀል ነፃ ወረቀት፣ የባህር ሕክምና ምርመራ፣ የጦር መሣሪያ ብቃት፣ የጉዳት ሕክምና ሥልጠና፣ ጥሩ እንግሊዝኛ ይጨመርበታል። ደህና ድርጅት አይሶ 28007 በሚባለው መስፈርት ተመርምሮ ያለፈ ነው። ጄኔቫ ደግሞ የግል ጥበቃ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ ማኅበር አለ፤ የአባላቱን ስም ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። የላክህልኝን ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበብኩት። የድርጅት ስም እንኳ የለበትም። ያለው የቴሌግራም አድራሻና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው።

መጥፎ ድርጅት ገንዘብ በመብላት ብቻ አያቆምም። በ2013 ሲማን ጋርድ ኦሃዮ የምትባል የጥበቃ ድርጅት መርከብ በሕንድ ባለሥልጣናት ተያዘች። ክሱ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ይዞ ወደ አገሪቱ የባህር ክልል መግባት ነበር። መርከቧ ላይ የነበሩት 35 ሰዎች፣ ጠባቂውም መርከበኛውም፣ ተከሰሱ። በ2016 አምስት አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። በ2017 መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ አላቸው። ነፃ እስኪባሉ አራት ዓመት አልፏል። እነዚያ ጠባቂዎች ልምድ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ አገራቸውም ኤምባሲያቸውም ይጮኽላቸው ነበር። አንተ ስም በሌለው ሰው ተልከህ እንዲህ ብትያዝ ማን ይጮኽልሃል?

ስለ ውትድርናው ጠይቀኸኛል። ለመርከብ ሥራ መሸጋገሪያ ብለህ ግባ አልልህም። ውትድርና የሚገባው ውትድርናን ራሱን የፈለገ ሰው ነው፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ወሎ ያሳለፈውን አንተም እኔም አይተነዋል። ለአንድ ሲቪ መስመር ማሟያ ብዬ ማንንም ወደዚያ አልመክርም።

ደብዳቤህን ሳነብ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የብረታ ብረት ሙያህን፣ ብየዳህን፣ በአንድ መስመር ጠቅሰህ አለፍከው። መርከብ እኮ ብረት ነው! ጨው ሌት ተቀን ይበላዋል። ቧንቧ ያፈሳል፣ መወጣጫ ይሰበራል፣ መደገፊያው ይዝጋል። ስለዚህ ብዙ የጭነት መርከቦች ፊተር የሚባል በያጅና ጠጋኝ ይቀጥራሉ። የጠባቂ ቡድን አደገኛውን ቀጠና አሳልፎ ይወርዳል። ፊተሩ ግን ከመርከቡ ጋር ይከርማል። ወደ ባህር የሚያስገባህ በር ካለ፣ የምትይዘው የብየዳ ኤሌክትሮድ ነው እንጂ ጠመንጃው አይደለም። ሁለት ዓመት እጅህን ያሳረፍክበትን ሙያ ቶሎ መልሰው። ኮምቦልቻ ጋራዥም ሆነ ብረታ ብረት ቤት በትንሽ ክፍያም ቢሆን ግባ። ቧንቧ መበየድ ላይ አተኩር። የሠራኸውን ፎቶ እያነሳህ አስቀምጥ፤ ከአሠሪህም የልምድ ደብዳቤ በማኅተም ተቀበል። ደረጃ 4ና የብቃት ምዘናው ከተመቻቸልህ አትለፈው። ደግሞ ያለ መነጽር እንዳትበይድ። የባህር ሐኪም መጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ዓይን ነው፤ ቀለም መለየትህንም ይፈትሻል።

የጥበቃ ልምድህም ሜዳ ላይ አይወድቅም። ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ አይኤስፒኤስ የሚባል የመርከብና የወደብ ደህንነት ደንብ አለ። በእሱ መሠረት መርከብ ወደብ ሲቆም መወጣጫው ሥር ተረኛ ይቆማል። የሚወጣውን ሰው መታወቂያ ያያል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ዕቃ ይፈትሻል። አንተ ፋብሪካው በር ላይ ሁለት ዓመት የሠራኸው ይህንኑ ነው። ለዚህ የሚሰጠው አጭር ሥልጠና «የተመደበ የደህንነት ተግባር» ይባላል፤ ከመሠረታዊው ሥልጠና ጋር አብሮ ይወሰዳል። የመርከብ ደህንነት መኮንንነት ግን የባህር ላይ አገልግሎት ስለሚጠይቅ ለጊዜው ተወው። እስከዚያው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለልህ። የጥበቃም ሆነ የጭነት ቁጥጥር ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክት። የኮንቴይነር ማሸጊያ ቁጥር ከሰነድ ጋር ማመሳከር የለመደ ሰው፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚነገረው ቋንቋ ይገባዋል።

እንግሊዝኛህን በየቀኑ ንካው። ደብዳቤህ ላይ የጻፍካቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደህና ናቸው፤ መናገሩ ላይ በርታ። ዋና ካልቻልክ ሐይቅ ቅርብ ነው፤ ከሚችል ሰው ጋር ሂድ፣ ብቻህን አትግባ።

ገንዘብ የምትከፍልበት ቀን ሲመጣ ሁለት ነገር ጠይቅ። ትምህርት ቤቱን የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ያውቀዋል ወይ? ይህን ራስህ ለባለሥልጣኑ ደውለህ አጣራ፤ የትምህርት ቤቱን ቃል አትቀበል። ሁለተኛው፣ ሥራ ለማስቀጠር ገንዘብ እየተጠየቅኩ ነው ወይ? በ2006 የወጣው የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ለማስቀጠር ከመርከበኛ ክፍያ መውሰድን ይከለክላል። ለፓስፖርት፣ ለመርከበኛ መታወቂያ ደብተርና ለሕክምና ምርመራ መክፈል ያለ ነው። «ቦታ ልያዝልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ግን ደላላ ነው፤ ስልኩን ዝጋበት። ወደ ውጭ አገር እንልክሃለን ያለህ ኤጀንሲ ከሆነም፣ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ማውጣቱን አረጋግጥ።

አጎትህ ጅቡቲ ሲደርስ አንድ ነገር ይዞልህ ይምጣ። ወደብ አካባቢ ሻይ ቤት የሚያገኛቸውን መርከበኞች «ፊተር እንዴት ነው የገባው?» ብሎ ይጠይቅልህ። የሰማኸውን ጻፍልኝ፤ ሲቪህን አብረን እናስተካክለዋለን።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ዛሬ ማታ እናትህን አናግራት፤ በሬዎቹ ከቤት አይውጡ።