ተደራራቢ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ያሉባቸው ታካሚዎች ስለ ሕክምናቸው ምን ይላሉ? ለጀማሪ አጥኚዎች የቀረበ ጥያቄና መልስ

ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ያሉባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን እንዴት እንደሚኖሩት በቃለ መጠይቅ ሳጠና ቆይቻለሁ። በዚህ ርእስ ጥናት ለመጀመር ያሰቡ አንባቢዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የምሰጣቸው መልሶች እነሆ።

ጥያቄ፦ የታካሚ ተሞክሮና የታካሚ እርካታ አንድ አይደሉምን?

መልስ፦ አይደሉም። እርካታ ሰው ያገኘውን ከጠበቀው ጋር አነጻጽሮ የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ከመጀመሪያው ብዙ ያልጠበቀ ሰው በጥቂቱ ይረካል። የተሞክሮ ጥናት ግን የሆነውን ይጠይቃል፦ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ የቀድሞው ይቀጥል ወይም ይቁም የነገረዎት ሰው ነበር? አንዱ ሐኪም ያዘዘውን ሌላው ያውቅ ነበር? «ረክተዋል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በተለይ በሚታከምበት ግቢ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል።

ጥያቄ፦ አንድ ሕመም ብቻ ካለበት ታካሚ ልዩነቱ የሕመሞቹ ቁጥር ብቻ ነውን?

መልስ፦ ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራችን በቀለለ ነበር። አብዛኞቹ የሕክምና መመሪያዎች የተጻፉት ለአንድ በሽታ በመሆኑ፣ ችግሩ የሚፈጠረው መመሪያዎቹ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ አምስት ሕመሞች ያሉባቸውን የ79 ዓመት ሴት በምሳሌነት ወስዶ መመሪያዎቹ ሁሉ ቢተገበሩ ምን እንደሚሆን አሰላ፤ ሴትዮዋ 12 ዓይነት መድኃኒት መውሰድ ይኖርባቸው ነበር። ቀጠሮው፣ የአመጋገብ ትእዛዙና የላቦራቶሪ ምርመራው ሲደመርበት መታከም ራሱን የቻለ የዕለት ሥራ ይሆናል። በጥናት ቋንቋ «የሕክምና ጫና» የምንለው ይህንን ነው፤ እኔም የጥናቱ ዋና ጉዳይ መሆን ያለበት በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለው ይህ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ተሳታፊዎቼን ከአረጋውያን ብቻ ብመርጥ ስህተት ነውን?

መልስ፦ ስህተት ነው። በስኮትላንድ የ1.75 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ የመረመረውና በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ እጅግ ድሃ በሆኑ አካባቢዎች ተደራራቢ ሕመም ከባለጸጎቹ አካባቢዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ቀድሞ እንደሚመጣ አሳይቷል። ልጆች እያሳደጉና ሥራ እየሠሩ ሦስት ሕመም የሚከታተሉ ሰዎች ካልተካተቱ፣ ጫናው ከሁሉ የሚከብድበት ቦታ ከጥናትዎ ውጭ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቁን በምን ልጀምር?

መልስ፦ በበሽታ ስም አይጀምሩ። «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከነቁ ጀምሮ ለጤናዎ ሲሉ ያደረጉትን ይንገሩኝ» ይበሉ፤ ከዚያም መድኃኒቶቻቸውን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ስኳር፣ የደም ግፊትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት መድኃኒቶቻቸውን ከፌስታል አውጥተው በሁለት ረድፍ ደረደሩልኝ። በየበሽታው የለዩአቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን «እነዚህ አያዞሩኝም፤ እነዚያ ስለሚያዞሩኝ ከቤት በምወጣበት ቀን አልነካቸውም» አሉኝ። የቀጠሯቸውም ቀን ከቤት የሚወጡበት ቀን ነው። ስለዚህ ግፊታቸው ሲለካ የኖረው ሁልጊዜ መድኃኒቱን ባልወሰዱበት ዕለት ነበር፤ ግፊቱ አልወርድ እያለ መጠኑ ሁለት ጊዜ ተጨምሮላቸዋል። «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ «አዎ» ይሉኝ ነበር፤ ይህንንም በመዋሸት ሳይሆን በራሳቸው ሥርዓት በትክክል ስለሚወስዱ ይሉት ነበር።

ጥያቄ፦ የተዘጋጀ መጠይቅ አስሞልቼ ብተነትነው አይበቃምን?

መልስ፦ ብዙ ሰዎችን ለማነጻጸር መጠይቅ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ምን እንደሚለኩ አስቀድመው ይወስኑ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ በ33 ክሊኒኮች 1,546 ታካሚዎችን ያሳተፈ፣ ውጤቱም በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ በየሕመሙ የተበታተነውን ክትትል በየስድስት ወሩ ወደሚደረግ አንድ ሰፊ ምርመራ አጠቃሎት ነበር። በሕይወት ጥራት መለኪያው ለውጥ አልታየም፤ ታካሚዎቹ ስለተደረገላቸው እንክብካቤ የሰጡት ምላሽ ግን ተሻሽሏል። አንዳንዶች ይህን ሙከራ እንደከሸፈ ይቆጥሩታል፤ እኔ አልስማማም፤ ሰው መደመጡ ራሱ ውጤት ነውና።

ጥያቄ፦ አስታማሚው አጠገብ ቢቀመጥስ?

መልስ፦ ታካሚው ከፈለገ ይቀመጥ፤ ሆኖም ማን ምን እንዳለ ለይተው ይጻፉ። ከተቻለ ሁለቱንም ለየብቻ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ በቃለ መጠይቁ መካከል ለጤና አደገኛ የሆነ ነገር ብሰማ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ያቀረቡትን አንባቢ አመሰግናለሁ። ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይወስኑና ለሥነ ምግባር ኮሚቴው በሚያቀርቡት ሰነድ ላይ ያስፍሩት፤ በስምምነት ቅጹም ላይ ምስጢር የሚጠበቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ። እርስዎ በዚያ ሰዓት አጥኚ እንጂ ሐኪም ስላልሆኑ፣ መድኃኒት አቁሙ ወይም ቀጥሉ አይበሉ። መድኃኒቶቻቸውን በሁለት ረድፍ ለደረደሩት እናት፣ የነገሩኝን በራሳቸው አነጋገር በወረቀት ላይ ጽፌ አነበብኩላቸው፤ ሁለት ቦታ ካሳረሙኝ በኋላ ለሐኪማቸው ሊያሳዩት አጥፈው በመድኃኒቶቹ ፌስታል ውስጥ ከተቱት።