ጥያቄ አለኝ፦ ዘፈን በኢንተርኔት መሸጥ

ጥያቄ፦ ስድስት ዘፈን ያለው ሥራ ጨርሻለሁ። አንድ የዩቲዩብ ቻናል በአንድ ጊዜ ክፍያ ሙሉ መብቱን ልግዛህ ብሎኛል። ወዳጆቼ ግማሾቹ ስፖቲፋይ (ሙዚቃ ማድመጫ መተግበሪያ)፣ ግማሾቹ ባንድካምፕ (ሙዚቀኛ ሥራውን ለአድማጭ የሚሸጥበት ድረ ገጽ) ይሉኛል። የቱ ያዋጣኛል?
ድምፃዊ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ታማኝ አድማጭ ካለዎት ከባንድካምፕ ይጀምሩ። ሥራውን በ8 ዶላር ቢያወጡት ድርጅቱ 15 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያውም ሲቀነስ 6 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ይቀርዎታል። 100 ሰው ከገዛ 630 ዶላር ነው። ገዢዎ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ያለው ወገን ይሆናል። ገንዘቡን መቀበል የሚችል ሂሳብ እንዳለዎት ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

ስፖቲፋይ ለአንድ መደመጥ ይህን ያህል የሚል ተመን የለውም። ለባለመብቶች የተመደበው ገንዘብ በመደመጥ ድርሻ ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን አይታሰብለትም። ስድስቱም 900፣ 900 ጊዜ ቢደመጡ ድምሩ 5,400 ነው፤ ክፍያው ግን ዜሮ! ዘፈን ስፖቲፋይ ላይ የሚገባውም በአከፋፋይ፣ ማለትም ዘፈኑን ተቀብሎ በሚያደርስ ድርጅት በኩል ነው። አከፋፋይ ሲቀይሩ የየዘፈኑን የአይኤስአርሲ ቁጥር (የቅጂውን ዓለም አቀፍ መለያ) ይዘው ይሂዱ፤ በአዲስ ቁጥር ከገባ የመደመጥ ቆጠራው ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

ለቻናሉ ሙሉ መብት አይሽጡ። የቪዲዮውን ብቻ፣ ለተወሰነ ዓመት፣ በጽሑፍ ውል ይስጡ፤ ድምፁን በኮንተንት አይዲ (ዩቲዩብ ዘፈኑ የማን እንደሆነ በራሱ በሚለይበት ሲስተም) የማስመዝገብ መብት የእርስዎ እንደሆነም ይጻፍ። ይህች መስመር ከቀረች ነገ በራስዎ ዘፈን የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት። በራስዎ ቻናል ከለቀቁት ደግሞ አሜሪካ ካሉ ተመልካቾች ከሚገኘው ገቢ 30 በመቶ ግብር ይቆረጣል፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። የግብር ቅጹን ካልሞሉ ቅነሳው ከሌላውም ዓለም ገቢ ላይ እስከ 24 በመቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የራሴን ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ጫንኩ፤ የማላውቀው ሰው «የእኔ ነው» ብሎ የማስታወቂያ ገቢውን ወሰደው። ቢቱን (የዘፈኑን ማጀቢያ ሙዚቃ) የገዛሁት ከኢንተርኔት ነው።

መልስ፦ ችግሩ ቢቱ ነው። በርካሽ የሚሸጥ ቢት ለብዙ ሰው ይሸጣል፤ ከገዢዎቹ አንዱ ዘፈኑን ኮንተንት አይዲ ውስጥ ሲያስገባ ሲስተሙ የእርስዎንም የእሱ አድርጎ ያየዋል። የግዢ ፈቃዱን አያይዘው ተቃውሞ ያስገቡ። «የእኔ ነው» የሚለው ክስ ከቀረበ በ5 ቀን ውስጥ ካስገቡ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታግዶ ይቆያል፤ ከሳሹ በ30 ቀን ካልመለሰ ክሱ ይነሳል።