መልስ፦ የድሮ ፍሪጅ ለየቀኑ ይሆናል ወይ?
ከአያትህ የወረስከውን የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሪጅ በየቀኑ ልጠቀምበት ወይ ላልከው፣ ይቻላል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ የሚያስቸግረው ሌላው ነው። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለህ ገመዱን እጠፍ አድርገህ እየው፤ ከተሰነጣጠቀ ሳይቀየር እንዳትሰካው። ከዚያ በሩ ላይ ወረቀት አስገብተህ ዝጋና ሳበው፤ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ሞተሩም እረፍት አያገኝም። ቴርሞሜትር ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አሳድር፤ ከ4 ዲግሪ በላይ ካሳየ ወተትና ሥጋ አታስቀምጥበት።

በረዶውን በቢላ መፈቅፈቅ የለም! እኔ አንዱን በስቼ ጋዙን ጨርሼዋለሁ፣ «ፍስስ» ሲል እስካሁን ይሰማኛል። አጥፍተህ በሩን ከፍተህ ይቅለጥ።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ግን መቀርቀሪያውን በማግኔት አስቀይር። የዚያ ዘመን በር ከውስጥ አይከፈትም፤ አሜሪካ በ1956 (እ.ኤ.አ.) በሩ ከውስጥ እንዲከፈት ሕግ ያወጣችው ልጆች ገብተው ታፍነው እየሞቱ ስለነበር ነው።